መድረስ ሌላ፣ መስፈር ሌላ፦ የወለጋ የሰፈራ ታሪክና የኅዋ መዳረሻዎች ክርክር



የዛሬው ርእስ በታሪክ መምህር መቅረቡ ያስገረማቸው እንዳሉ ሰምቻለሁ። «የሰው ልጅ ከምድር ውጭ ወዴት ቢሄድ ይሻለዋል? ወደ ጨረቃ፣ ወደ ማርስ ወይስ ወደ ሌላ?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ እይታ የፊዚክስና የምህንድስና መምህራን ድርሻ ነው። የሮኬቱን ኃይል፣ የጨረሩን መጠን፣ የጉዞውን ርዝመት የሚያሰሉት እነርሱ ናቸው፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ነገር ግን ጥያቄው «እንዴት እንድረስ» ከሚለው ተሻግሮ «የት እንስፈር» ወደሚለው ሲደርስ ባሕርዩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሰፈራ ታሪክ ጥያቄ ይሆናል። በሰፈራ ታሪክ ረገድ ደግሞ ወለጋ ብዙ የሚናገረው አለው።

ላቀርበው የፈለግሁት ሐሳብ አጭር ነው። አንድን ቦታ ለመድረስ የሚያበቃ ምክንያትና በዚያው ቦታ ለመስፈር የሚያበቃ ምክንያት የተለያዩ ናቸው። በኅዋ መዳረሻዎች ላይ የሚደረገው ክርክር ሁለቱን ሲያምታታ ይታያል። በእኛም አገር ሁለቱ በተምታቱበት ጊዜ ዋጋ የከፈለው ተጓዡና ተቀባዩ ሕዝብ ነው። በንግግሬ የአገራችንን ታሪክ በእኛ የዘመን አቆጣጠር፣ የውጭውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የክርክሩ መልክ

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 ድረስ 12 ሰዎች የጨረቃን ምድር ረግጠዋል። ሁሉም ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ላለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀጣዩ መዳረሻ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን በጎራ ከፍሎ ኖሯል።

የጨረቃ ደጋፊዎች ቅርበትን ያስቀድማሉ። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ጉዞው ሦስት ቀን ያህል ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ያመጠቀችው ቻንድራያን አንድ በጨረቃ ላይ የውኃ ምልክት መኖሩን ካሳየች በኋላ የዋልታዎቹ በረዶ የብዙዎችን ዓይን ስቧል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ቻንድራያን ሦስት በደቡብ ዋልታው አካባቢ ማረፏም ይህንኑ ፍላጎት አጠናክሯል።

የማርስ ደጋፊዎች በበኩላቸው ጨረቃ አየር አልባና ባዶ ናት ይላሉ። በዚህ ወገን ስሙ ጎልቶ የሚነሣው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ዙብሪን ነው። የማርስ ቀን ከእኛ ቀን በ40 ደቂቃ ያህል ብቻ ይረዝማል፤ በረዶ አለ፤ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ማዘጋጀት ይቻላል የሚል ነው መከራከሪያው። ሦስተኛው ወገን የፊዚክስ ሊቁ ጄራርድ ኦኒል ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጽሑፍ የሰው ልጅ በፕላኔት ገጽ ላይ መኖሩ ግዴታ ነውን ብሎ ጠየቀ፤ በባዶ ኅዋ ውስጥ እየተሽከረከሩ ሰው ሠራሽ ስበት የሚፈጥሩ ግዙፍ መኖሪያዎች ይሠሩ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ቬነስን የመረጡም አሉ። ገጽዋ ከ460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል ቢሆንም፣ ከገጽዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ሲባል የአየሩ ግፊት ከምድራችን ጋር ይቀራረባል፤ ሙቀቱም ይበርዳል። እዚያ የሚንሳፈፍ መኖሪያ ይሠራ ይላሉ።

እነዚህን መከራከሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን ብናነባቸው የጋራ ጠባይ እናገኝባቸዋለን። ሁሉም ስለ ቦታው ጥራት ይናገራሉ፦ ውኃው፣ ብርሃኑ፣ ስበቱ፣ ማዕድኑ። የቦታው ዋጋ በቦታው ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ፣ መርማሪው ቆፍሮ የሚያወጣው ነገር ተደርጎ ይታያል። ይህ አነጋገር ለወለጋ ሰው እንግዳ አይደለም። ለም፣ ሰፊ፣ ዝናብ የማያጣው፣ ሰው ያልነካው ተብሎ ስለ ምድራችን ብዙ ጊዜ ተነግሯል።

ስለ ቃሉ

የባዕድ ጸሐፍት ለዚህ ጉዳይ የሚጠቀሙበትን ቃል ወደ አማርኛ ስናመጣ ሁለት ምርጫ አለን። አንደኛው «ቅኝ መያዝ» ነው። ይህ የገዢንና የተገዢን ግንኙነት ያመለክታል። ሁለተኛው «መስፈር» ነው። ይህኛው ጓዙን አውርዶ ኑሮ የሚጀምረውን ሰው ያሳየናል። እኔ ሁለተኛውን መርጫለሁ። ግሡ ራሱ ሁለት ትርጉም እንዳለው ልብ በሉ። እህል ይሰፈራል፤ ሰውም ይሰፍራል። መስፈሪያም መስፈርትም ከዚሁ ሥር ይወጣሉ። ዛሬ የማቀርባቸው መስፈርቶች ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዱ አይደሉም፤ በዚህ ምድር ላይ ከደረሰው የተወሰዱ ናቸው።

ሁለት የሰፈራ ታሪኮች

የወለጋ ታሪክ ሁለት እጅግ የተለያዩ የሰፈራ ዓይነቶችን ይዟል። የመጀመሪያው ሜጫ ኦሮሞዎች ወደዚህ ምዕራባዊ ምድር የገቡበት ነው። ፕሮፌሰር ተሰማ ታአ ስለ ምዕራብ ማእከላዊ ኢትዮጵያ፣ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም ስለ ሰዮ ኦሮሞ ባደረጉት ጥናት «ቀቢዬ» የተባለውን ሥርዓት እናገኛለን። ቀድሞ የደረሰና መሬቱን የያዘ ሰው የባለይዞታነት መብት ያገኛል፤ ኋላ የመጣው መሬት የሚያገኘው በእርሱ በኩል ነው። ይህ ሰፈራ አዝጋሚ ነበር። ሰዎች ከብታቸውን እየነዱ፣ ከዘመዶቻቸው ሳይርቁ፣ ከሚያውቁት መሬት ወደ ተጎራባቹ ይሻገሩ ነበር። ከኋላቸው የሚመለሱበት መንገድ ነበራቸው። እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። «ቀዳሚ» የሚለው ማዕረግ ከዚያ በፊት በቦታው የነበሩትን ሕዝቦች ታሪክ ወደ ጎን የሚያደርግ ማዕረግ ነው። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው የ1977ቱ ሰፈራ ነው። ድርቁና ረሀቡ በከፋበት በዚያ ዓመት፣ የደርግ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰዎችን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማዛወር አቀደ። ከኅዳር 1977 እስከ ጥር 1978 ባለው ጊዜ ብቻ 600,000 የሚሆኑ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ተወሰዱ። ትልቁን ቁጥር የተቀበለችው ወለጋ ነበረች። አሶሳ፣ ቄቶ፣ ጃርሶና አንገር ጉትን ከዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች መካከል ነበሩ። ከነባሩ ገበሬ ማኅበር ጋር የተቀላቀሉበት ሰፈራ ደግሞ «ስግሰጋ» ይባል ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ ገና ተማሪ ነበርሁ፤ የሰፋሪ መኪናዎች በከተማችን ሲያልፉ ካዩት አንዱ ነኝ። ከመኪናው ላይ ወደ እኛ የሚመለከቱት ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ ብዙዎቹ የሚያውቁ አይመስሉም ነበር።

ሁለቱን ሰፈራዎች ሳነጻጽር ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። ከእነዚህ መካከል ስለ መሬቱ ልምላሜ የሚጠይቅ የለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ሕይወትን የሚሸከመው ከየት ይመጣል?

በ1977 የተመረጡት ቆላማ ሸለቆዎች ለም መሆናቸው ሐሰት አልነበረም። አፈሩ ጥልቅ፣ ዝናቡ በቂ ነው። ችግሩ የደጋው ገበሬ የሚያርሰው በበሬ መሆኑ ነበር። የዴዴሳና የአንገር ሸለቆዎች ደግሞ የጼጼ ዝንብ አገር ናቸው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ ከብቱን ይጨርሳል። ወባው ደግሞ ከደጋ የመጣውን ሰው ይጥላል። ስለዚህ በትልልቆቹ ጣቢያዎች እርሻው በትራክተር ላይ ተመሠረተ። ትራክተሩ ነዳጅ፣ ነዳጁ መንገድ፣ መንገዱ የመንግሥት በጀት ይፈልጋል። ሰፋሪው ለም መሬት ላይ ተቀምጦ ኑሮው ግን በሩቅ ባለ መሥሪያ ቤት ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። በ1982 የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ሲፈርሱ፣ በ1983 ደግሞ መንግሥቱ ራሱ ሲወድቅ፣ ያ ገመድ ተበጠሰ።

ይህን መስፈርት ወደ ማርስ እንውሰደው። የማርስ አየር ግፊት ከምድራችን 1 በመቶ አይሞላም። አፈሩ ፐርክሎሬት የተባለ ለጤና ጎጂ ጨው አለበት። እርሻው በታሸገ ቤት ውስጥ ካልሆነ አይታሰብም። የታሸገ ቤት ምን እንደሚመስል ደግሞ ተሞክሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ስምንት ሰዎች ባዮስፌር ሁለት በተባለ የመስተዋት ሕንጻ ውስጥ ለሁለት ዓመት ተዘጉ። አየራቸውንና ምግባቸውን ከውስጥ ሊያገኙ ነበር የታሰበው። ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ወደ 14.5 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በመጨረሻም ከውጭ ማስገባት ግድ ሆነ። በጥናት እንደታወቀው በዳበረው አፈር ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ኦክስጅኑን ሲጨርሱ፣ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሕንጻው ኮንክሪት ስለ መጠጠው ዕፅዋቱ መልሰው ኦክስጅን ሊያደርጉት አልቻሉም። ኮንክሪቱ ለእነዚያ ሰዎች ገንዲያቸው ነበር፤ ማንም ያላሰበው፣ በቦታው ጥራት ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ነገር። በአሪዞና ግን ኦክስጅኑን ለማስገባት የሚያስፈልገው በር መክፈት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መመለሻው የት ነው?

ከ1977ቱ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ከጣቢያዎቹ እየጠፉ በእግር ለመመለስ ሞክረዋል። በ1983 ደግሞ በርካቶች ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰዋል። የተመለሱት ከቀሩት የባሱ ሰነፎች አልነበሩም። የመመለስ ዕድል የሰፈራ አንዱ አካል ነው። በቀቢዬ ዘመን የመጡት ሰዎች ይህ ዕድል ነበራቸው፤ የቀሩትም በፍላጎታቸው ቀሩ።

በዚህ መስፈሪያ ሲለኩ የኅዋ መዳረሻዎች ቅደም ተከተል በግልጽ ይለያል። ከምድር ቅርብ ምሕዋር በሰዓታት ይመለሳሉ። ከጨረቃ በሦስት ቀን ይመለሳሉ። ማርስ ግን ለምድር እጅግ በምትቀርብበት ጊዜ እንኳ 55 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለጉዞ የሚመቸው ጊዜ በ26 ወር አንዴ የሚመጣ ሲሆን፣ የአንድ መንገድ ጉዞው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። የታመመ ሰው የሬዲዮ ጥሪ ወደ ምድር ለመድረስ ብቻ እንደ ወቅቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ ርቀት ላይ «ካልተስማማኝ እመለሳለሁ» የሚል ቃል የለም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ማን ወሰነ? ቦታውስ የማን ነው?

በ1977 የሄዱት ሁሉ በግድ ሄዱ ማለት ከእውነት መራቅ ነው። ረሀቡ ያስወጣቸው፣ ወደው የተመዘገቡም ነበሩ። በግዳጅ የተወሰዱ፣ ከቤተሰባቸው የተነጠሉም ነበሩ። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው መዳረሻቸውን አለመምረጣቸው ነው። የተቀበላቸው ሕዝብም አልተጠየቀም። ካርታው ላይ ባዶ ተብሎ የተሰመረው መሬት የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የማኦና የኮሞ፣ የኦሮሞም የእርሻ ማሳረፊያ፣ የማርና የግጦሽ ቦታ ነበር። ደሳለኝ ራህማቶ ስለ መተከል ባደረጉት ጥናት ይህ ውሳኔ በጉሙዝ ኑሮ ላይ ያደረሰውን ጽፈዋል። የዚያ ውሳኔ ዕዳ በሰፋሪውና በነባሩ ልጆች ጫንቃ ላይ እስከ ዛሬ አለ። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ ስለምታውቁት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ውሳኔውን ያላደረጉት ሁለቱ ወገኖች ዕዳውን ሊካፈሉት አይገባም ነበር።

በማርስ ነባር ነዋሪ የለም፤ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ የሚፈናቀል ገበሬ የለም። የይዞታ ጥያቄው ግን አለ። እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የኅዋ ስምምነት፣ ኢትዮጵያም ከፈረሙት አገሮች አንዷ የሆነችበት፣ ማንኛውም መንግሥት ጨረቃንና ሌሎች የሰማይ አካላትን የግዛቱ አካል ማድረግ እንደማይችል ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን አሜሪካ ዜጎቿ በኅዋ ያወጡትን ማዕድን በባለቤትነት እንዲይዙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ሉክሰምበርግም በ2017 ተከተለች። መሬቱን አትይዝም፤ ያወጣኸው ግን ያንተ ነው እንደ ማለት ነው። በጨረቃ ዋልታ በረዶ ያለባቸው ጥላማ ቦታዎች ውስን ናቸው። በእነዚያ ላይ ቀድሞ መሣሪያውን የተከለ በተግባር ባለቀቢዬ ይሆናል፤ ኋላ የሚደርሰው፣ ምናልባትም የእኛ የልጅ ልጆች፣ በእርሱ ፈቃድ የሚገቡ ይሆናሉ። በሜጫ ሥርዓት ቀዳሚው ለኋለኛው መሬት የመስጠት ማኅበራዊ ግዴታ ነበረበት። በጨረቃ ላይ ያን ግዴታ የሚጥልበት እስካሁን የለም።

የዳሎል ትምህርት

መድረስና መስፈር የሚለያዩበትን ምሳሌ ከአገራችን ልስጥ። በአፋር የሚገኘው ዳሎል በሙቀቱ፣ በአሲዱና በጨዉ የተነሣ ማርስን ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች የልምምድ ሜዳ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ጥናቶች በአሲዳማዎቹ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ እርስ በርስ ተከራክረዋል። በዚሁ አካባቢ የአፋርና የትግራይ ሰዎች ለዘመናት ጨው ሲቆርጡ ኖረዋል። አርሆ የሚባለው የግመልና የበቅሎ ቅፍለት ይወርዳል፤ አሞሌውን ጭኖ ይመለሳል። ከዚያ የወጣው ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ እስከ እኛ ገበያ ድረስ ደርሷል። ነገር ግን አርሆዎቹ በጨው ሜዳው ላይ ከተማ አልቆረቆሩም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ኩባንያዎች ፖታሽ ለማውጣት በዳሎል መንደር ሠሩ፤ ዛሬ የቀረው የጨው ግንብ ፍርስራሽ ነው። መንደር የሠሩት በመሣሪያ የበለጸጉ ነበሩ፤ ቦታውን የሚያውቁት ግን አርሆዎቹ ነበሩ።

ስለዚህ ፍርዴን ልግለጽ። ጨረቃ የአርሆ አገር ናት፤ ተሂዶ የሚሠራባት፣ የሚመለሱባት። ማርስ የመሣሪያና የምርምር አገር ናት፤ እዚያ ሕይወት ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ማወቅ ለሰው ልጅ ሁሉ ታላቅ ነገር ነው። ቋሚ ሰፈራ ግን፣ የመጀመሪያው ጥያቄ በምድር ላይ በተዘጋ ቤት ውስጥ ለረጅም ዓመታት ሳይመለስ፣ የማንም መዳረሻ ሊሆን አይገባም።

ስለ መጠባበቂያ ቤት

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ምድር በጦርነት ወይም ከሰማይ በሚወርድ አካል ብትጠፋስ? የሰው ዘር ሁለተኛ ቤት አያስፈልገውምን? ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነው፤ በፌዝ የሚታለፍ አይደለም። የታሪክ ተማሪ ግን የመከራከሪያውን መልክ ያውቀዋል። በ1977ም የተባለው «ጊዜ የለም፤ ሕዝብ እያለቀ ነው» ነበር። እውነትም ሕዝብ እያለቀ ነበር። የአደጋው እውነተኛነት ግን የመዳረሻውን ተገቢነት አላረጋገጠም። ያደረገው ጥያቄ የሚጠየቅበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። የአፈር፣ የውኃና የጤና ጥናት በቅጡ ሳይደረግ ጉዞው ተጀመረ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ጎጆ እንዲሠሩ የተላኩት ሰፋሪው እየደረሰ ነበር። ከአደጋ የመነጨ ሰፈራ ከሁሉ ይልቅ ጥናት ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን ከሁሉ ያነሰውን ነው።

ለሚዛን ያህል ደግሞ ይህን እጨምራለሁ። ከጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ጸንተዋል፤ በዚያ የተወለዱ ልጆች ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀዋል። የጸኑት ሰፋሪዎች ግን የጸኑት በዕቅዱ መሠረት ሳይሆን ከጎረቤት ጋር እህል ተበዳድረው፣ ቋንቋ ተምረው፣ ተጋብተውና አበልጅ ሆነው ነው። ያጸናቸው ጎረቤት ነው። በማርስ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

የእኛ ድርሻ

ኢትዮጵያ በዚህ ክርክር ውስጥ ተመልካች ብቻ አይደለችም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተ ከሁለት አሠርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። በእንጦጦ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ አንድ ከቻይናው ታይዩዋን ማምጠቂያ ወደ ምሕዋር ወጣች። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ አነስተኛዋ ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለች። ሁለቱም የተላኩት ምድርን እንዲያዩ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች «ሌላው ወደ ማርስ ሲያይ እኛ ወደ ማሳችን እናያለን» ብለው ሲያዝኑ እሰማለሁ። እኔ ግን ከቀረቡት መዳረሻዎች ሁሉ የተሻለው ተመርጧል እላለሁ። መመለሻ አለው፤ ማንንም አያፈናቅልም፤ ጥቅሙ ሳተላይቷን ላላያት ገበሬ ሊደርስ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ አደራ እላለሁ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የተነሣ ምስል ገንዲን አያሳይም። ለሰባት ዓመት አርፎ እንደገና የሚታረስ መሬትና ባለቤት የሌለው መሬት በምስል ላይ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው። ከመካከላችሁ የመሬት አጠቃቀም ካርታ የሚሠሩ፣ ነገ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጠው «ይህ ቦታ ለሰፈራ ወይም ለኢንቨስትመንት ይመቻል» ብለው የሚፈርሙ ይኖራሉ። ያን ጊዜ «ያልተያዘ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ቦታው ውረዱ፤ ማር የሚቆርጠውን፣ ከብት የሚያሰማራውን ጠይቁ፤ በቋንቋው ጠይቁት። ይህን የለመደ ባለሙያ ጨረቃን ለመከፋፈል በሚጠራ ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያ ወንበር ቢሰጠው የሚናገረውን አያጣም። ሌሎቹ ስለ በረዶው መጠን ሲከራከሩ፣ እርሱ ወይም እርሷ ኋላ ለሚመጣው ምን ግዴታ እንዳለባቸው ይጠይቃሉ።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ በተለይ በዚህ ፍርድ የማይስማሙ የፊዚክስ ተማሪዎች ቀድመው እንዲጠይቁ እጋብዛለሁ።